የዛሪማዋ አክስቴ ለቅሶ

ለቅሶ ቤት ከመሄዴ በፊት አንድ መለኪያ አረቄ እጠጣ ነበር። መጀመሪያ አንዲት ብቻ ነበረች። ካልጠጣሁ እንባ አይመጣልኝም ነበርና ነው። ይህን ብናገር ሰው ይስቅብኛል ብዬ ለብዙ ዓመት ደብቄው ኖሬያለሁ። በእኛ አገር ደረቅ ዓይን ይዞ ለቅሶ ቤት መግባት ባዶ እጅን ሠርግ ቤት ከመግባት ይከፋል። ሰው ሲሞትበት ሄደሽ ካላለቀስሽለት ያንቺ ቀን ሲደርስ ማን ያለቅስልሻል? ስለዚህ ያቺን መለኪያ ግጥም አደርግና ነጠላዬን አዘቅዝቄ እወጣለሁ። ድንኳኑ ደጃፍ ስደርስ እንባዬ ይወርዳል። ሴቶቹ "ይህች እኮ ሆደ ባሻ ናት" ይሉኝ ነበር። ሆዴ ውስጥ ያለውን ቢያውቁ ኖሮ ሌላ ስም ያወጡልኝ ነበር።

አረቄ ፍለጋ የሰው ቤት መሄድ አያስፈልገኝም ነበር፤ አውጪዋ እኔው ነበርኩ። ቤቴ ደባርቅ ነው፣ መንገዱ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ከመውረዱ በፊት መኪኖች ከሚቆሙበት አጠገብ። ባሌ ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ሊማሊሞን እንደ ወረደ ሽሬ ላይ ሌላ አግብቶ ቀረ። እኔም ሁለት ቀን ረገምኩት፤ በሦስተኛው ቀን ጋኖቼን አጥቤ ዳጉሳዬን ጠነሰስኩ። የደባርቅ ብርድ ለአረቄ አውጪ ምቹ ነው። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ መንገዱን ሲሸፍነው ሾፌሩም ነጋዴውም መሄጃ ያጣና እኔ ቤት ይገባል። አረቄዬ ክብሪት ሲነካው በሰማያዊ ነበልባል ይነድ ነበር። በዚህ እኮራ ነበር፤ አሁንም ትንሽ እኮራለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በእኛ ወግ ቀጂ ሳትቀምስ አትሰጥም። ከመለኪያው መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና ትቀምሳለች፤ ከዚያ ለእንግዳው ታቀርባለች። መርዝ የለበትም፣ አክብሬ ነው የምሰጥህ ማለት ነው። አንዲት ጠብታ ደግሞ ማንንም አታሰክርም። ይህን ወግ አሁን ያነሣሁት ወደ ኋላ ስለምመለስበት ነው።

እናቴ የምትኖረው ዳባት ነበር፤ ከደባርቅ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ በመኪና ቅርብ፣ በእግር ግን ቀን የሚፈጅ። አንድ ጊዜ ጎረቤቷ የነበሩ ሽማግሌ ሞቱና ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። በዚያን ጊዜ መለኪያዋ አንድ መሆኗ ቀርቷል። ስንት እንደሆነች መቁጠር ትቼ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ እንደገባሁ ደረቴን እየደቃሁ "እናቴ፣ ጡት ያጠባሽኝ እናቴ" እያልኩ ማልቀስ ጀመርኩ። ሟቹ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የሚደርስ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። የሟቹ ልጅ ራሱ ሳቁ አምልጦት ወደ ውጭ ወጣ። እኔ ግን ሰው ሁሉ በእንባዬ የተነካ መስሎኝ ባሰብኝ፤ የንፍሮውንም ሰፌድ ረግጬ ደፋሁት።

እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። አልጮኸችብኝም። ፊቴን አጠበችኝ፣ ውሃ አጠጣችኝ፣ ከዚያ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"እኔ ስሞት እንዲህ አድርገሽ ልታለቅሺኝ ነው?" አለችኝ።

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አደረግሁ።

"ስሚኝ። እኔን በአረቄ አታለቅሺኝም። በገዛ ዓይንሽ ካልሆነ ደረቁን ቅበሪኝና ሂጂ። ከአረቄ እንባ ደረቁ ይሻለኛል።"

ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር። እናት ብዙ ትረግማለች፣ ብዙውም በማግሥቱ ይረሳል። ይህ ግን ኑዛዜ ነው። ከእኔ ሌላ የሚያለቅሳት ልጅ ደግሞ አልነበራትም። ወንድሜ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ስሙ በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም። እናቴ እያረጀች ነው፣ ዓይኗም እየደከመ ነው፤ እኔ ደግሞ ያለ አረቄ ማልቀስ አልችልም። ከሁለት አንዱ መለወጥ ነበረበት፤ የእሷን ዕድሜ መመለስ አልችልም።

ክረምቱ ሲወጣ ጠበል ገባሁ። ቦታው ከደባርቅ በታች፣ ቆላው ከሚጀምርበት፣ ከገደል ሥር የሚፈልቅ ነው። ሁለት ሱባኤ ያዝኩ። ጎህ ሲቀድ ከውሃው ሥር እንቆማለን። ውሃው ከቅዝቃዜው ብዛት ያቃጥላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጄ ስለሚንቀጠቀጥ የጠበሉን ጣሳ ሰው ነበር የሚይዝልኝ። ከጎኔ የሚጠመቁት ሴቶች መንፈስ ያለባቸው ናቸው። ውሃው ሲነካቸው መንፈሱ ይጮኽና ከየት እንደያዛቸው፣ መቼ እንደሚለቅ ይናገራል። እኔም የእኔው እስኪናገር ጠበቅሁ። አንድም ቀን አልጮኸም። እንደ ባለቤቱ ሁሉ እሱም ካልጠጣ ድምፅ የማይወጣው ነበር መሰለኝ።

የነፍስ አባቴ አብረውኝ ወርደው ነበር። በማሕሌት ድምፃቸው የሻከረ፣ ቀልድ የሚያውቁ ቄስ ናቸው፤ እሳቸውም በበዓል ቀን አንዲት መለኪያ አይጠሉም። በአሥረኛው ቀን ጠበሉ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ሳለ ጠየቁኝ።

"ይህ ነገር መቼ ነው የገባብሽ?"

"ሥራዬ ነው እንጂ አባ። እሳት አጠገብ የሚውል መለብለቡ አይቀርም።"

"ስንት አረቄ አውጪ አውቃለሁ፤ ሁሏም ሰካራም አልሆነችም። እኔ የጠየቅሁሽ መቼ እንደሆነ ነው።"

ለማንም ያልነገርኩትን ለእሳቸው ነገርኳቸው።

ወንድሜ የቤቱ መጨረሻ ልጅ ነበር። ደባርቅ እኔ ቤት ሆኖ ይማር ነበር። "እታለም" ይለኛል፣ ታላቁ ነኝና። ያ ዓመት አብዮት ጠባቂዎች ተማሪ ከየቤቱ የሚለቅሙበት ዓመት ነው። አንድ ጠዋት ከቤቴ ወሰዱት፤ በሦስተኛው ቀን መሞቱን ሰማሁ። አስከሬኑን አልሰጡንም። ጠብመንጃ የያዘ ሰው ደጄ ላይ ቆሞ "እዚህ ቤት ለቅሶ የለም። ድምፅ ብሰማ አንቺም ትከተይዋለሽ" አለኝ። ከሰዓት በኋላ አራት ሆነው መጡ። ጠብመንጃቸውን ግድግዳ አስደግፈው ተቀመጡና አረቄ ቅጂ አሉኝ። የገደሉት እነሱ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ማወቄንም ያውቃሉ። ቀዳሁ። እንደ ወጉ መዳፌ ላይ ጠብ ላደርግ ስል ትልቁ ሰውዬ "በመዳፍሽ አይደለም። መለኪያውን ጨልጪው" አለኝ።

መርዝ ፈርተው ነው። ወንድሟን የገደሉባት ሴት በእጇ የምትቀዳውን ማን አምኖ ይጠጣል? የመጀመሪያውን ጨለጥኩ፤ ለእሱ ሌላ ቀዳሁለት። የሁለተኛውንም፣ የሦስተኛውንም፣ የአራተኛውንም እንዲሁ። ሲደግሙም እንደገና አስቀመሱኝ። እስከዚያን ቀን ድረስ ከመዳፌ ጠብታ አልፌ ጠጥቼ አላውቅም ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ስለ አንድ ቄስና ስለ በቅሎው ቀልድ አወራ። ሳቅሁ። አፌን ከፍቼ ከእነሱ ጋር ሳቅሁ።

በማግሥቱ እናቴ ከዳባት በእግሯ መጣች። ጠብመንጃ ያዡ አሁንም ደጃፉ ላይ ነበር። በጆሮዋ ነገርኳት። የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ከዚያ ምስር የተሰጣበትን ሰፌድ ወደ ጭኗ ሳብ አድርጋ መልቀም ጀመረች። እስኪመሽ ድረስ ለቀመች። ጠብመንጃ ያዡ ከደጄ ስላልተነሣ ጎረቤት ቤት አድራ በማግሥቱ ወደ ዳባት ተመለሰች። ወንድሜን እሷም አላለቀሰችው፣ እኔም አላለቀስኩት። እርሙ ሳይወጣ በሁለታችንም ላይ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእኔ ዓይን ደረቀ። ያወቅሁት ግን ከወር በኋላ፣ የሰው ለቅሶ ላይ ተቀምጬ አላለቅስ ሲለኝ ነው። ወጣሁና ቤቴ ሄጄ አንድ መለኪያ ጠጣሁ፤ ያኔ መጣልኝ።

ቄሱ ቆሏቸውን አስቀምጠው አዳመጡኝ። ስጨርስ አማተቡ እንጂ አልገሠጹኝም።

"ለእናትሽ ነግረሻታል?"

"ወንድሜ መሞቱን እንጂ ያንን አልነገርኳትም። አባ፣ ለገዳዮቹ ቀድቼ፣ አብሬ ጠጥቼ፣ ስቄ። እንዴት ብዬ ልንገራት?"

"ጠበሉ አረቄውን ያወጣልሻል። አረቄውን ያስገባውን ግን አንቺ ነሽ የምታወጪው። ንገሪያት።"

"ይህን ከምነግራት እዚሁ ጠበል ውስጥ ብሰጥም ይሻለኛል አባ።"

ወደ ውሃው ተመለከቱና "ከጉልበትሽ አያልፍም" አሉኝ።

ሳላስበው ሳቅሁ። አረቄ ሳልቀምስ ከሳቅሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር።

ከጠበል ስመለስ ጋኖቼን አልሰበርኩም። መስበር ለሰው ዓይን ነው፤ ጋን ደግሞ ምን አጠፋ? አጥቤ ውሃ ሞላሁባቸው። ከዚያ በሶ በማር በጥብጬ፣ ዳቦና የተቀቀለ ድንች ማቅረብ ጀመርኩ። ጉም የያዘው መንገደኛ መቼም ይርበዋል። የድሮ ደንበኞቼ ግን አዘኑብኝ። አንዱ ሾፌር በሶውን ቀምሶ "ይህ የሕፃን ምግብ ነው" አለኝ። "አንተንስ ማን ትልቅ ነህ አለህ" አልኩት። ቢሆንም ደገመ፤ ከዚያም ሌሎች ሾፌሮችን ይዞ መጣ። ጠዋት ስነሣ ራሴን የማያመኝ መሆኑ ለብቻው ደስ ያሰኘኝ ነበር። ድንቹን ስልጥ፣ ጉሙ ሲገለጥና ቆላው ወለል ብሎ ሲታይ፣ ይህ ሁሉ ሰማይ ከደጄ እንደነበረ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ይመስለኝ ነበር። ለስንት ዓመት ጀርባዬን ሰጥቼው እሳት ስቆሰቁስ ኖሬያለሁ።

ለቅሶ ላይ ነበር ጉዴ። ያለ አረቄ ስሄድ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ እንደምታለቅስ ሴት ትከሻዬን አንቀጠቅጣለሁ። ሰው ግን ያውቃል። "አረቄውን ስትተው ልቧም ደነደነ" መባሉን ሰማሁ። ሆደ ባሻ ያሉኝ እነዚያው ሴቶች ናቸው። ሦስተኛው ለቅሶ ላይ አልቻልኩም፤ ጎረቤት ገብቼ ጠጣሁና ሄድኩ። እንባዬም እንደ ልማዱ ወረደ። አንዲት ሴት ልትስመኝ ጠጋ አለችና ፊቷን ወደ ጎን መለሰች። ድሮም ይመልሱ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ወደ ነፍስ አባቴ ሄጄ ተናገርኩ። መቶ ስግደት አዘዙኝ። ልወጣ ስል "ለእናትሽ ነገርሽ?" አሉኝ።

"አልነገርኩም።"

"እንግዲያው ገና አልጀመርሽም።"

በጣም ተናደድኩባቸው። መቶውን ስግደት በቁጣ ሰገድኩት። ዛሬ ሳስበው በቁጣ የተሰገደ ስግደት ይቆጠር አይቆጠር አላውቅም፤ ጉልበቴ ግን ሳምንት ሙሉ ቆጥሮታል።

በዚህ መካከል የዛሪማዋ አክስቴ ሞተች። የእናቴ ታላቅ እኅት ናት፤ በልጅነቷ ወደ ዛሪማ ተድራ እዚያው ያረጀች። ልጅ አልነበራትም፣ የሚወዳት ሰውም ብዙ አልነበረም፤ እውነቱን ልናገርና እኔም አልወዳትም ነበር። ሠርግ ላይ ትመጣና ወጡ ቀጠነ፣ ሙሽራዋ ጠቆረች ትላለች። ስትሳደብ አማርኛው ያልበቃት እንደሆነ ትግርኛ ትጨምርበታለች። አንድ ጊዜ እንግድነት መጥታ ሳለ ደጄ ላይ ቆማ "ይህች ልጅ ባል የማይበረክትላት በመልኳ ነው" ብላ ለመንገደኛ ሁሉ አውርታብኛለች። በዚያ ሰሞን መንገዱ በጦርነቱ ምክንያት ይዘጋ ስለነበር የሞቷ ወሬ የደረሰው ከተቀበረች ከወር በኋላ፣ በበቅሎ ነጋዴ አፍ ነው።

ሰው ሩቅ አገር ሲሞት መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም። የዕድር ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ወደ ቤቱ ይመጡና ለባለ ሐዘኑ ያረዱታል። ከዚያ የሟቹ ልብስ ወይም ዕቃ ይወጣና እሱን እያዩ ይለቀሳል። እኔን በዋዜማው አስጠርተውኝ ነበር፤ ምንም እንደማላውቅ ሆኜ እናቴ ቤት አደርኩ።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ትልቁ ሽማግሌ፣ አጎንብሰው የሚሄዱ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው፣ "እንግዲህ እመቤቴ፣ የሰው ነገር እንዲህ ነው፣ የዛሪማዋ እኅትዎ ቀድመውናል" አሏት። እናቴ ተነሥታ በእጇ እየዳበሰች ሳጥኗን ከፈተች። ከታች፣ ከልብሷ ሁሉ ሥር፣ የወንድሜን ሹራብ አወጣች። አረንጓዴ የተማሪ ሹራብ ነው። ከቤቴ ወስዳው እንደነበር እንኳ አላውቅም። አምጥታ መደቡ ላይ ዘረጋችው።

ሰው ሁሉ ሹራቡን አየ። ትልቁ ሽማግሌ ሹራቡን ተመለከቱ፣ ጓደኞቻቸውን ተመለከቱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ይህ የእኅትዎ ነው?"

"የእኅቴ ነው" አለች እናቴ።

"እንግዲያው ድንኳን ይተከል" አሉ።

ወንዶቹ ካስማ መትከል ሲጀምሩ እናቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አፌን አሸተተችኝ። ዓይኗ ስለደከመ በአፍንጫዋ ነበር የምትመረምረኝ። ያን ቀን አልጠጣሁም ነበር። ራሷን ነቀነቀች።

"ዛሬ ልጄን ላለቅሰው ነው። አንቺም ታለቅሺዋለሽ" አለችኝ።

"እምዬ፣ እንባ የለኝም።"

"ለምን?"

እንግዲህ ከዚህ ወዴት ይሸሻል? ነገርኳት። ስነግራት የእሷን ፊት ማየት ስላቃተኝ በጓዳው በር በኩል ሹራቡን እያየሁ ነው። አራቱን ሰዎች፣ መለኪያውን፣ ጨልጪው ማለታቸውን፣ የቄሱንና የበቅሎውን ቀልድ፣ መሳቄን፣ ሁሉን። ስጨርስ ውጭ ካስማ ሲመታ ብቻ ይሰማ ነበር። ስምንት ዓመት የፈራሁት ደረሰ ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

"ባትጠጪላቸው ኖሮ፣" አለች እናቴ ቀስ ብላ፣ "እኔ ሁለት ልጅ ነበር የማላለቅሰው።"

"ሳቅሁ እኮ እምዬ።"

"እኔስ? ልጄ ሞተ ተብዬ ምስር አልለቀምኩም? በኋላ ስትበይው አንዲት ጠጠር አገኘሽበት?"

"አላገኘሁም።"

"አየሽ" አለችኝ።

እሷም ያችን የምስር ሰፌድ ስምንት ዓመት ተሸክማት ኖራለች ማለት ነው። እኔ በእሷ ዘንድ ረከስኩ ብዬ ስሸሽ፣ እሷ ደግሞ ልጇን ያላለቀሰች እናት ብዬ የታዘብኳት መስሏት ስታፍረኝ ነበር። ሁለታችንም ያለ ነገር ተፈራራን። ደረቴ ቀለለኝ፤ ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም። እጄን ያዘችና ወጣን።

የዛሪማዋ አክስቴ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ለቅሶ አይታም አታውቅም። ዳባት ሙሉ ወጣ። ከደባርቅ የዕድሬ ሴቶች በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው መጡ፤ የነፍስ አባቴም ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው መጡ። ስሟን እንኳ የማያውቅ ሰው ደረቱን እየመታ ገባ። ሹራቡ በድንኳኑ መካከል በበርጩማ ላይ ተዘርግቷል። ሙሾ አውራጇ እድሜዋ የገፋ፣ ድምፅዋ ግን ገና ያልገፋ ሴት ናት። ሹራቡን ትኩር ብላ አየችና ጀመረች።

"ደብተሩን ታቅፎ፣ እሜዳ የተኛ፣
ቀስቅሱልኝ እስቲ፣ ዘግይተናል እኛ።"

የዛሪማዋ አክስቴ ከተወለደች ደብተር ይዛ አታውቅም። የቀበሌው ሊቀመንበር ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ነበር። ከሌላ አገር የመጣ፣ በዚያ ክፉ ዓመት በቦታው ያልነበረ ሰው ነው። ወደ ትልቁ ሽማግሌ ጠጋ ብሎ "ሟቿ የተማሩ ነበሩ እንዴ?" አላቸው።

"በጣም" አሉት ሽማግሌው።

ሙሾ አውራጇ ቀጠለች። ጢሙ ገና ያልበቀለ ስትል ሊቀመንበሩ ሁለተኛ ለመጠየቅ አፉን ከፈተና ተወው። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ አንገቱን ደፋ። እስከ መጨረሻው እንደዚያ ተቀምጦ ዋለ። ማንን እያሰበ እንደነበር አልጠየቅነውም፣ እሱም አልጠየቀንም። ከተቀመጡት ሴቶች መካከል ደግሞ አንዷ ብድግ ብላ ከነጠላዋ ሥር አንድ የወንድ ቀበቶ አውጥታ ከሹራቡ ጎን አስቀመጠች። ሌላዋ አንድ የትምህርት ቤት ፎቶግራፍ አመጣች። በዚያ ዓመት ዝም የተባለው በእኛ ቤት ብቻ መስሎኝ ነበር። ያ ሁሉ ወጣት በዚያች ነጭናጫ አሮጊት ስም ተለቀሰ። በሰማይ ሆና ሰምታ ከሆነ ወጡ ቀጠነ ማለቷ አይቀርም።

እኔ ግን አሁንም ደረቅ ነበርኩ። ተነግሯል፣ ቀሎኛል፣ ዓይኔ ግን አልታዘዘልኝም። ከሴቶቹ መካከል ተቀምጬ እናቴን አሳፈርኳት እያልኩ ነበር። አንዲቷ ሴት ሹራቡን አንሥታ ሳመችውና ለጎረቤቷ አቀበለች፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እኔ ጋ ደረሰ። ስቀበለው እጅጌው ተገለበጠና ክርኑ ታየኝ። የተቀደደ ክርኑን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። አረንጓዴ ክር አጥቼ በቀይ ነበር የሰፋሁት። አይቶ "እታለም፣ ክርኔ ላይ በርበሬ አበቀልሽብኝ" ብሎኝ ነበር። ሳቀብኝ፣ እኔም ተቆጣሁት፣ ደግሞ ለብሶት ሄደ።

ያኔ መጣ። መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር። ከዚያ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ከዚያ ዓይኔ ሞላ። ስሙን ጠራሁት። በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የወንድሜን ስም በሰው ፊት ጮኽ ብዬ ጠራሁት፤ ማንም ዝም በይ አላለኝም። ሴቶቹ ተቀብለው ጠሩት። ልጁን ለማያውቀው ሰው ሁሉ ስሙ ደረሰ። እንዴት እንዳለቀስኩ መናገር አልችልም፤ ደረቴን ለሦስት ቀን አሞኝ እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ። ደግሞም ደስ የሚል ሕመም ነበር።

እናቴ ድምፄን ሰምታ በሴቶቹ መካከል እየዳበሰች መጣች። በሰው ሁሉ ፊት ፊቴን ሳብ አድርጋ አፌን አሸተተችኝ። ከዚያ ሁለቱንም ጉንጬን በመዳፏ ዳሰሰች። እጇ ረጠበ። ያን እርጥብ እጇን የገዛ ፊቷ ላይ አበሰችና አጠገቤ ተቀመጠች።

የነፍስ አባቴን ድንኳኑ በር ላይ ንፍሮ ሲዘግኑ አገኘኋቸው። "ነገርሽ?" አሉኝ። "ነገርኩ" አልኳቸው። "እንግዲያው አሁን ጀመርሽ" አሉና ከንፍሯቸው አካፈሉኝ።

ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። የጎረቤቴ ድፍድፍ ሲሸተኝ ምራቄ ይሞላ ነበር፤ ዛሬም አልፎ አልፎ ይሞላል። ቢሆንም ለቅሶ ስሄድ ካለቀስኩ አለቅሳለሁ፣ ካላለቀስኩም ነጠላዬን ዘቅዝቄ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ማንም ፊቱን አላዞረብኝም። በሶዬ ታወቀልኝ። መንገዱ ሲከፈት ከአዲ አርቃይ የሚመጡ ሾፌሮች "የባለ በሶዋ ቤት" ብለው ጠይቀው ይመጣሉ። ለእነሱ ስሰጥ እንደ ወጉ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እቀምሳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እጄ ይፈራ ነበር፣ በኋላ ለመደ።

እናቴ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረች። ዳባት በሄድኩ ቁጥር በሩ ላይ ትጠብቀኝና ጉንጬን ከመሳሟ በፊት አፌን ታሸተኝ ነበር። እኔም ተለምዶብኝ ገና ከደጃፉ ጎንበስ ብዬ እፍ እልባታለሁ። ትስቃለች። "በሶ፣ በሶ ትሸቺያለሽ" ትለኛለች። የማያውቅ ሰው የናፍቆት ሰላምታ ይመስለው ነበር፤ እሱም ቢሆን ውሸት አይደለም።

መርዶዋን ያረዱኝ የደባርቅ ሽማግሌዎች ናቸው፣ እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ። በዚያ ሳምንት መኪና አልነበረምና በእግሬ ሄድኩ። በመንገዱ ዳር ሦስት አረቄ ቤት አለ፤ ሦስቱንም አለፍኳቸው። እኔን ሲጠብቁ ሳይቀብሯት ቆይተዋል፤ ስደርስ እናቴ በነጭ ጋቢ ተሸፍና መደቡ ላይ ነበረች፤ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁልኝ። ጎንበስ አልኩና እንደ ልማዳችን ፊቷ ላይ እፍ አልኩላት። ከዚያ አለቀስኳት።